በወዳጁ ቤት እንግዳ የሆነ ሰው (ስለ አንድ የሞተር ብስክሌት ጉዞ መጽሐፍ)

ለክበባችን ሣጥን ልባሱ የተገነጠለ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ደርሶን በኩራዝ ብርሃን በየተራ ስናነበው ከርመናል። ባለፈው እትም ቃል በገባነው መሠረት አስተያየታችንን እነሆ እንላለን። የመጽሐፉ አርእስት «ዜንና የሞተር ብስክሌት ጥገና ጥበብ» ነው፤ ደራሲው አሜሪካዊው ሮበርት ፒርሲግ ነው። 121 አሳታሚዎች አንቀበልም ካሉት በኋላ በ1974 እ.ኤ.አ. ታትሞ በሚሊዮን የሚቆጠር አንባቢ አገኘ። ስለ ካርቡራተር የሚያስተምር መስሎት ከሁላችን በፊት የወሰደው የውሃ ፓምፕ ሜካኒካችን ግን በሁለተኛው ቀን መልሶታል። አንፈርድበትም፤ ስለ ሞተር የሚናገረው ከአርእስቱ ያነሰ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር ተራኪው የ11 ዓመት ልጁን ክሪስን ከኋላው አፈናጦ፣ ጆንና ሲልቪያ ከሚባሉ ባልና ሚስት ጋር ከሚኒሶታ ወደ ምዕራብ ይጓዛል። በመንገዱ ላይ፣ በሞንታና ግዛት ቦዝማን በምትባል ከተማ አጠገብ፣ ዲዊስ የሚባል ሠዓሊ ወዳጁ ይኖራል። ቀድሞ ሁለቱም እዚያው ኮሌጅ መምህራን ነበሩ። በመካከሉ ግን ተራኪው አእምሮው ታውኳል ተብሎ ሆስፒታል ገብቷል፤ ጭንቅላቱ በኤሌክትሪክ ተነዝሮ የቀድሞ ማንነቱን አጥቶ ወጥቷል። ያን የቀድሞ ራሱን እንደ ሙት ቆጥሮ «ፌድረስ» እያለ በሌላ ሰው ስም ይጠራዋል። እንግዲህ ወደ ወዳጁ ቤት የሚሄደው አንድ ሰው ነው፤ እዚያ የሚታወቀው ሌላው ነው።

እዚህ ላይ ስንደርስ መጽሐፉን ብዙ ጊዜ ከድነን አስቀምጠናል። ምክንያቱን ብንደብቅ ሂሳችን ሐቀኛ አይሆንም። ባለፈው ዓመት የሦስት ቀን የመውጫ ፈቃድ አግኝተን፣ ከዓርብ እስከ እሑድ፣ በዚሁ ሜካኒክ ሞተር ብስክሌት ተፈናጠን ከመምህራን ማሠልጠኛ ጀምሮ የምናውቀውን ወዳጃችንን ልንጠይቅ ሄደን ነበር። አቧራ ጠጥተን፣ ወገባችን ተቆርጦ ደረስን። ወዳጃችን የእግር ውሃ አቀረበልን፤ ያለችውን አንዲት ዶሮ አረደ። ከዚያም ያን የድሮውን መምህር፣ ተማሪ የሚያስቀውን፣ ክርክር ከተነሣ እራቱን የሚረሳውን ሰው እያነሣ እስከ እኩለ ሌሊት አወጋን። አብረን ሳቅን። ያ ሰው የት እንደ ገባ ግን እኛም አናውቅም፤ እንዳንነግረው ደግሞ ደስታው አሳዘነን። እሑድ ሲሸኘን «አንተ እኮ ምንም አልተለወጥህም!» አለን።

ስለዚህ በዲዊስ ቤት የሚሆነውን በጉጉት ጠበቅን። አንድ ትዕይንት በጣም ያማረ ነው። ዲዊስ የሥጋ መጥበሻ ምድጃ ገዝቶ መገጣጠሙ አስቸግሮታል፤ መመሪያውን አምጥቶ ለእንግዳው ያሳየዋል። እንግዳው አሁን እንጀራው እንዲህ ያለ መመሪያ መጻፍ ነው። ወረቀቱን አገላብጦ አየና ስለ ሠራተኛና ስለ ልብ ዕረፍት ረዥም ንግግር ጀመረ። ንግግሩ ብልህ ነው፤ አንክድም። ይሁንና እኛ እንደምናየው መጋረጃ ነው። ወዳጅ ሊያወጋው በቀረበ ጊዜ የተለወጠ ሰው የሚሸሸው ወደ ትምህርት ነው፤ መምህር የሆነ ሁሉ ይህን መሸሸጊያ ያውቀዋል። ደራሲውን የምንወቅሰው ግን በሌላ ነው። ዲዊስ ራሱ ምን እንደ ተሰማው፣ የጠፋ ወዳጁ በር ላይ ሲቆም በልቡ ምን እንዳለ፣ በቂ ቃል አልተሰጠውም። ሚስቱ ጄኒ ከእርሱም ያነሰ ትናገራለች። ለአርስቶትልና ለአፍላጦን የተሰጠው ገጽ እኩሌታው ለእነዚህ ባልና ሚስት ቢሰጥ ኖሮ መጽሐፉ ምንኛ በከበረ!

ፌድረስ በቦዝማን ያስተማረበት ታሪክ ግን ለሙያ ባልደረቦቻችን ይጠቅማል። አንዲት ተማሪ ስለ አሜሪካ 500 ቃል ልትጽፍ አስባ ምንም አልመጣላትም። ወደ ከተማዋ ወደ ቦዝማን አጠበበላት፤ አሁንም የለም። ወደ ዋናው ጎዳና አጠበበላት፤ የለም። በመጨረሻ ተቆጥቶ፣ ከኦፔራ ቤቱ ፊት ቆመሽ ከላይ በስተግራ ካለው ጡብ ጀምሪ አላት። 5,000 ቃል ጽፋ መጣች። ይህን እኛም በዛፉ ጥላ ሥር ሞክረነዋል። «የስደት ኑሮ» በሚለው አርእስት ሁለት መሥመር ብቻ የጻፈ ልጅ፣ በቧንቧው ሰልፍ ላይ ስለ ቆመው ስለ ራሱ ጀሪካን ጻፍ ሲባል ገጹ አልበቃው ብሎ ወረቀት ለምኖናል። (ወረቀት እንዴት እንደሚገኝ አንባቢ ያውቃል።)

የቢራ ጣሳው ነገር ደግሞ እዚህ ብዙ አሥቋል። የጆን ሞተር ብስክሌት ውድ ቢ.ኤም.ደብልዩ ነው፤ መሪው ላልቶ ይንሸራተታል። ተራኪው ከቢራ ጣሳ ቆርጬ ሽብልቅ ላግባበት ቢለው ጆን ተቀየመ፤ በክቡር መኪናው ላይ ቆሻሻ! በዚህ ቅያሜ ላይ ደራሲው ስለ ሰውና ስለ መሣሪያ ብዙ ይፈላሰፋል። ይህን በምናነብበት ሰዓት ያበራልን ኩራዝ ከዘይት ቆርቆሮ የተሠራ ነበር። ለደራሲው ምሥጢር የሆነው ለእኛ ገበያ ነውና ይህን ክፍል በችኮላ አለፍነው።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበን ከኋላ የተፈናጠጠው ልጅ ነው። አባት ለአንባቢ ስንት ነገር ሲያስተምር፣ ልጁ ያን ሁሉ ሀገር የሚያየው ከአባቱ ጀርባ ወዲያ ነው። ሆዴን አመመኝ ይላል፤ ያለቅሳል፤ ያኮርፋል። በካሊፎርኒያ ጠረፍ፣ ጉዞው ሊያልቅ ሲል፣ አባቱን በእውነት አብደህ ነበር ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። አባት «አይደለም» ይላል። ከዚያ በኋላ ልጁ በእግር መርገጫው ላይ ተነሥቶ ቆሞ፣ በአባቱ ትከሻ ላይ መንገዱን ለመጀመሪያ ጊዜ አየ። ይህች አንዲት ቃል በዲዊስ ቤት ተነግራ ቢሆን ኖሮ መጽሐፉ በግማሹ ያልቅ ነበር፤ ደራሲው ያዘገያት ስለ ፈራት ይመስለናል፤ እኛም በወዳጃችን ቤት የፈራነው ይህንኑ ነው። ክሪስ በ1979 እ.ኤ.አ. በሳን ፍራንሲስኮ በዘራፊዎች እጅ ተገደለ። አባቱ በኋለኛው እትም ላይ ስለዚህ ጽፏል፤ የእኛ ቅጂ የቀድሞው ነውና ያ ጽሑፍ የለበትም።

የጡቡን ታሪክ ወደ አማርኛ መልሰነዋል፤ በሚቀጥለው እትም ይወጣል። መጽሐፉ በሣጥኑ ውስጥ ነው፤ ተራ የያዛችሁ ስማችሁን አስመዝግቡ። እኛ ለጊዜው አንፈልገውም፤ ለዚያ ወዳጃችን ደብዳቤ ጀምረን ሦስተኛው መሥመር ላይ ቆመናል።