ስለ «የጨረቃ ድንጋይ» እና ስላልተጠሩት ምስክሮች

የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ከጊዜ ማሳለፊያነት የበለጠ ጥቅም ያለው አይመስለኝም ነበር። ስለዚህ አንድ በመዝገብ ቤት የሚሠሩ አዛውንት የዊልኪ ኮሊንስን «የጨረቃ ድንጋይ» እንዳነብ ሲሰጡኝ የተቀበልሁት ለአክብሮታቸው ብዬ ነው። «ሌባውን ለማወቅ አትቸኩል፤ ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ እያሰብህ አንብብ» አሉኝ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በ1791 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በሕንድ አገር የስሪንጋፓተምን ምሽግ ሲሰብር፣ ሄርንካስል የተባለ መኰንን ቀድሞ በጨረቃ አምላክ ግንባር ላይ የነበረውን አልማዝ ወሰደ። አልማዙ በ1840 ዓ.ም. በኑዛዜ ለእኅቱ ልጅ ተሰጣት፤ በዚያችው ሌሊትም ጠፋ።

የድርሰቱ ጥበብ በአተራረኩ ላይ ነው። ተራኪዎቹ እየተፈራረቁ እያንዳንዳቸው ራሳቸው የሚያውቁትን ብቻ ይጽፋሉ። «ሮቢንሰን ክሩሶን» እንደ ዳዊት እየገለጠ ምክር የሚሻው ሽማግሌ የቤት አዛዥ ቤተርጅ፣ ከአንባቢ ልብ አይጠፋም። የምስጢሩ መፍቻ ግን በመድኃኒት ኀይል ላይ እጅግ ስለ ተደገፈ አሳማኝነቱ ይሳሳል።

ከዚህ የሚበልጠው ጉድለት ሌላ ነው። ለሁለተኛው ስርቆት ጽጌረዳ ወዳዱ መርማሪ ካፍ ከሎንዶን ይመጣል። የመጀመሪያውን የሚገልጸው ግን አንድ የቤተ ዘመድ ጽሑፍ ነው፤ ጸሐፊው ሄርንካስልን ደም የሚያንጠባጥብ ጩቤ ይዞ ቢያየውም፣ ማስረጃ የለኝም ብሎ ለሕግ አያቀርበውም። ኮሊንስ ይህን ግፍ ሳያስተውል አልቀረም፤ በፍጻሜው ድንጋዩን ወደ አምላኩ ግንባር መልሶታልና። ሆኖም ከቤት አዛዥ እስከ ሐኪም ረዳት ሁሉ ሲመሰክር፣ ዕንቍውን ፍለጋ ባሕር ለተሻገሩት ሦስት ብራህማኖች አንድ ምዕራፍ እንኳ አልተሰጣቸውም።

መጽሐፉ ቻርልስ ዲክንስ ያዘጋጀው በነበረው ሳምንታዊ መጽሔት በተከታታይ የወጣው ከታኅሣሥ እስከ ነሐሴ 1860 ዓ.ም. ነው። በዚሁ መካከል፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ መቅደላ በእንግሊዝ ጦር እጅ ወደቀች፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የሰበሰቧቸው የብራና መጻሕፍትም ተዘረፉ። የሎንዶን አንባቢ የልብ ወለዱን ሌባ ለማወቅ ሳምንት ሲቈጥር፣ ወደ መቅደላ የተላከ ካፍ አልነበረም። ኮሊንስ ድንጋዩን በብዕሩ ወደ አገሩ መለሰ፤ ከመቅደላ ብራናዎች ብዙዎቹ ግን ዛሬም በሎንዶን ይገኛሉ።

የአዛውንቱ ምክር የገባኝ ይኸን ጊዜ ነው። መጽሐፉን የሚያነብ ሁሉ ወደ ሌባው ፍለጋ ሲቸኩል የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ገጾች እንዳይዘል አደራ እላለሁ።