ስኳር የሚሏት ሙዝ

ካምፓላ ውስጥ ቡኮቶ ገበያ ስገባ ዓይኔ የሚያርፈው ሱካሊ ንዲዚ ላይ ነው፤ አጠር ያለች፣ ልጣጯ ስስ የሆነ ሙዝ። በሉጋንዳ «ሱካሊ» ስኳር ማለት ነው፤ ስም ያወጣላት ሰው አልተሳሳተም። ሁለቱን በሹካ ደፍጥጬ ትኩስ የአጃ አጥሚት ውስጥ ስጨምር የስኳር ዕቃው ከመደርደሪያው አይወርድም። ጣፋጭነቷ ከአሰር ጋር ስለሚመጣ ወደ ደም የሚገባው ቀስ እያለ ነው፤ የስኳር ሕመም ያለበት ግን መጠኑን ይጠብቅ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ስኳር ቀንሱ ብሎ ሲመክር፣ ያልተጨመቀውን ትኩስ ፍሬ አልነካም፤ ጭማቂውን ግን ከስኳሩ ጋር ደምሮታል። እኔም ልጦ መጉረስን እመርጣለሁ።

ሻጯ «ለዛሬ ነው ለነገ?» ትለኛለች። ለዛሬ ካልኳት፣ ስታርቹ ወደ ስኳር የተለወጠውን፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣውን ዘለላ ትመርጥልኛለች።