የብርጭቆ ቂጥ ማንበብ

ደብረ ማርቆስ፣ አያቴ ቤት፣ ቡፌው ውስጥ ማንም የማይጠጣበት አንድ ብርጭቆ አለ። እንግዳ ሲመጣ አጎቴ ያወጣውና ገልብጦ ቂጡን ያሳያል። «33 የሚለው ይታያችኋል?» ታሪኩ ከዚያ ይቀጥላል፦ በ1933 ዓ.ም. መጋቢት ማብቂያ ላይ ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ለቆ ሲወጣ፣ አርበኛው ቅድመ አያቴ ከአንድ መኮንን ድንኳን የማረከው ነው። ማስረጃው እዚያው ብርጭቆው ላይ ተጽፏል።

በዚህ ታሪክ ነው ያደግኩት። ባለፈው ፋሲካ ግን ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ይዤ ከቁጥሩ በላይ ያለውን ደብዛዛ ጽሑፍ አነበብኩ፦ ዱራሌክስ፣ ፈረንሳይ።

ዱራሌክስ በዚህ ስም የተነሳው እ.ኤ.አ. በ1945፣ ኦርሌአን አጠገብ ባለች ላ ሻፔል ሳን ሜስማን በምትባል ከተማ ነው። ጣሊያን ደብረ ማርቆስን የለቀቀው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1941። ብርጭቆው ለመማረክ ቢያንስ አራት ዓመት ዘግይቷል ማለት ነው። 33ቱስ? የሞልድ ቁጥር ነው። አንድ ዓይነት ብርጭቆ የሚወጣባቸው ብዙ ሞልዶች ስላሉ፣ ጉድለት ሲገኝ ከየትኛው እንደመጣ ለመለየት እያንዳንዳቸው ቁጥር አላቸው። እኔ ኮድ ውስጥ ለራሴ እንደምተዋት የሎግ መስመር ናት፤ ለእንግዳ የተጻፈች አይደለችም። የፈረንሳይ ተማሪዎች ምሳ ላይ ይህችኑ ቁጥር እንደ ዕድሜ እያነበቡ «አንተ ስንት ዓመትህ ነው?» ይባባላሉ። አጎቴም ያደረገው ይኼንኑ ነው፤ እነሱ ግን ጨዋታ መሆኑን ያውቃሉ። ደግሞስ የፈረንሳይ ፋብሪካ በኛ አቆጣጠር ዓመት የሚጽፈው ለማን ብሎ ነው?

አጎቴን ብቻ መውቀስ ግን ልክ አይደለም። ዕቃ ላይ ቁጥር ካየን የተሠራበት ዓመት ነው ማለት ሁላችንም እንወዳለን። ጠገራ ብርን ውሰዱ። የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ይኼ ብር ሁልጊዜ 1780 ይላል፤ ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው። ግን ከዚያ በኋላም በዚያው ዓመተ ምሕረት መታተሙን አላቋረጠም። ኢትዮጵያን በወረሩበት በእ.ኤ.አ. 1935 ጣሊያኖች ራሳቸው ሮም ላይ ያትሙት ነበር። እዚህ አገር የነበረ ነጋዴ ዓመቱን አይቶ አልረካም፤ የዘውዷን ዕንቁና ከምስሏ ሥር ያሉትን ፊደላት ይመረምር ነበር። ያ ነጋዴ ከኛ የተሻለ አንባቢ ነበር እላለሁ።

ከብርጭቆው ጎን ደግሞ የድሮ ብርሌ አለ። ማንም ገልብጦት አያውቅም፣ ምክንያቱም አልተጻፈበትም። ቂጡ ላይ ግን ሻካራ ጠባሳ አለው። በአፍ የሚነፋ ጠርሙስ አንገቱ እስኪበጅ ድረስ ከሥሩ በብረት ዘንግ ተጣብቆ ይያዛል፤ ዘንጉ ሲላቀቅ የሚቀረው ጠባሳ ነው። የሠሪውን ስም አይነግረንም፤ ሰው ነፍቶ እንደሠራው ግን ይነግረናል። እኛ ቤት ስለ ብርሌ የሚወራው ያ ተረት ብቻ ነው፦ ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ። ጠባሳውን ግን ማን አየው?

ለኔ የቂጥ ምልክት ጥቅሙ እዚህ ላይ ያበቃል። ፋብሪካውን ይነግርሃል፣ አንዳንዴም ውሸትን ያፈርሳል። ዕቃው ቤትህ እንዴት እንደገባ ግን አያውቅም።

ይኼን ሁሉ ይዤ አያቴ ጋ ሄድኩ። እንዳላሳዝናት እየፈራሁ ነበር የነገርኳት። ሳቀች።

«ያማ እኔ ሳልዳር ነው የተሰበረው። አባባ አዘነና ይኼን ከገበያ ገዝቶ ቦታው ላይ አስቀመጠው።»

«ታዲያ እማማ፣ ለአጎቴ ለምን አልነገርሽውም?»

«መቼ ጠየቀኝ? እሱ የሚያየው ቂጡን ነው።»

ዝም አልኩ። እኔም እኮ እሷን ከመጠየቄ በፊት ብርጭቆውን ነበር የገለበጥኩት።