ማንኩሳ ስትሰማ ደምበጫ ለምን ሳትሰማ ቀረች? በምዕራብ ጎጃም የአካባቢ ታሪክና በመገናኛ ብዙኃን ላይ የቀረበ ሂስ

ከቡሬ ተነሥቶ በማንኩሳ፣ በፍኖተ ሰላምና በጅጋ በኩል ደምበጫ የሚደርሰው መንገድ ርዝመቱ ብዙ አይደለም። በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ በሚገኙ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምር መምህር ስለ ማንኩሳ ቢጠይቅ፣ የበዛብህ የትውልድ ስፍራ መሆኗን የሚነግረው ተማሪ አይታጣም። ስለ ደምበጫ ቢጠይቅ ግን መልሱ ከአረቄዋ ብዙ የሚያልፍ አይመስለንም። ሁለቱም ቦታዎች በ1933 ዓ.ም. በአንድ ሳምንትና ዐሥር ቀን ልዩነት የጦር ሜዳ ነበሩ። አንደኛዋ ስሟ በሀገር ሁሉ ሲሰማ ሁለተኛይቱ ለምን እንደ ተዘነጋች መመርመር፣ የአካባቢ ታሪክ ለተማሪ በምን በኩል እንደሚደርስ መመርመር ነው።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ከሱዳን ድንበር ተሻግረው ወደ ጎጃም ሲያመሩ፣ በኮሎኔል ዊንጌት የሚመራው «የጌዴዎን ኃይል» የተባለው አነስተኛ ጦር ከጠመንጃውና ከግመሉ ሌላ አንድ ተጨማሪ መሣሪያ ነበረው፤ ይኸውም ወሬ ነው። የፕሮፓጋንዳውን ክፍል የሚመራው ጆርጅ ስቲር፣ በ1928 ዓ.ም. ወረራ ጊዜ ለለንደኑ «ታይምስ» ጋዜጣ ከአዲስ አበባ ዜና ሲልክ የነበረ ጋዜጠኛ ነው። ይኸው ክፍል «ባንዲራችን» የተሰኘውን የአማርኛ ጋዜጣ ያዘጋጅ ነበር። የአንበሳ ማኅተም ያረፈበት የንጉሠ ነገሥቱ አዋጅም አስቀድሞ ከአውሮፕላን ሲበተን ቆይቷል። በየካቲት ወር የማንኩሳ ምሽግ በተከበበ ጊዜ ደግሞ በጣሊያን ሥር የተሰለፉት ወታደሮች መሣሪያቸውን ይዘው ከወገናቸው እንዲቀላቀሉ በድምፅ ማጉያ ጥሪ ተደርጎላቸዋል።

ከመገናኛ ሞያ አንጻር ሲታይ ይህ ሥራ የሚነቀፍ አይደለም። ራዲዮ ባልነበረበት ገጠር፣ የቤተ ክህነት ትምህርት በተስፋፋበት ጎጃም፣ ፊደል የሚለይ ደብተራ ወይም ዲያቆን በየደብሩ አይጠፋምና አንድ ወረቀት ለብዙ ሰው ጆሮ ይበቃ ነበር። የተመረጠውም ቃል ከሕዝቡ ስሜት የራቀ አልነበረም፤ ሰንደቅ ዓላማ፣ አዋጅና ማኅተም ገበሬው ትርጓሜ ሳያስፈልገው የሚያውቃቸው ነገሮች ናቸው። «ባንዲራችን» ከድሉ በኋላ አዲስ አበባ ገብቶ «ሰንደቅ ዓላማችን» መባሉ፣ ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. መታተም ከጀመረው ከ«አዲስ ዘመን» ጋር ጎን ለጎን መዝለቁ ይታወቃል። ስለዚህም ከነጻነት በኋላ ያለው የጋዜጣችን ታሪክ አንደኛው ሥሩ በዚሁ በጎጃም ዘመቻ ውስጥ ይገኛል። የጋዜጣን ታሪክ የሚያስተምሩ መጻሕፍት ግን ነገሩን ከአዲስ አበባ መጀመር ይቀናቸዋል።

ነቀፌታው የሚመጣው ከማንኩሳ አልፈን ደምበጫ ስንደርስ ነው። በቡሬ የነበረው የጣሊያን ጦር አዛዥ ኮሎኔል ናታሌ የካቲት 25 ቀን ምሽጉን ለቅቆ በደብረ ማርቆስ አቅጣጫ ማፈግፈግ ጀመረ። በስደት ከነበሩ ኢትዮጵያውያን የተመለመለው ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጦር በዚያን ጊዜ ቀድሞ ደምበጫ አጠገብ ከአንድ ወንዝ ዳር ሰፍሮ ነበር። የካቲት 27 ቀን ጠዋት በቁጥር እጅግ የሚበልጠው የናታሌ ጦር ከነብረት ለበስ ተሽከርካሪው መጥቶ ወደቀበት። ሻለቃው ለሰዓታት ተዋጋ፤ በጠላትም ላይ ብርቱ ጉዳት አደረሰ፤ በመጨረሻ ግን መስመሩ ተሰብሮ ጠላት በላዩ ላይ አልፎ ሄደ። ሰውም ግመልም በዚያ ወደቀ። ጣሊያኖቹ ከጥቂት ቀን በኋላ ደምበጫንም ለቅቀው ስለሄዱ የዕለቱ መሥዋዕትነት በድሉ ወሬ ተሸፈነ።

ጠላትን ለማስከዳት የሚበተን ወረቀት የእንዲህ ያለውን ቀን ዜና ያወጣል ተብሎ አይጠበቅም፤ ሥራው ሌላ ነውና። ወቀሳው ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ላይ ነው። ስለዚህ ውጊያ በስፋት የጻፉት የዘመቻው ተካፋዮች የነበሩ እንግሊዛውያን ናቸው፤ ስቲር በ1942፣ አለን በ1943 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መጻሕፍት አሳትመዋል። በእነዚህ ዐይነት መጻሕፍት መኮንኖቹ ከነስማቸውና ከነጠባያቸው ሲቀርቡ፣ በወንዙ ዳር የወደቁት ኢትዮጵያውያን በአመዛኙ በጅምላ የሚነሡ ናቸው። የወንዙ ስም እንኳ «ቻራካ» ተብሎ በባዕድ ጆሮ እንደ ተሰማው ተጽፎ ቀርቷል። የደምበጫ መምህር ከሀገሬው ሽማግሌ ጠይቆ በትክክለኛው ፊደል ሊጽፈው የሚገባው የመጀመሪያው ቃል ምናልባት ይኸው ስም ነው።

ማንኩሳን ለሁለተኛ ጊዜ ያሰማት ልብ ወለድ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የቦጋለ መብራቱንና የውድነሽ በጣሙን ቤት በማንኩሳ ሠሩ። ከአብዮቱ በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ ይህንኑ መጽሐፍ በኢትዮጵያ ራዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ፕሮግራም ሲተርከው፣ ፊደል ያልቈጠረው ገበሬ ሳይቀር ተከታተለው። ተዋናዩ የእያንዳንዱን ሰው ድምፅ ለይቶ፣ የፊታውራሪ መሸሻን ትዕቢትና የጉዱ ካሣን ምፀት በየልካቸው አሰምቷል። የጎጃም አነጋገር በብሔራዊ ሥርጭት ላይ መሳለቂያ ሳይሆን በሙሉ ማዕርጉ መሰማቱ ለአካባቢው ተማሪ ትልቅ ነገር ነው። በትምህርት ራዲዮ የሚሠሩ ባለሞያዎች ስለ ድምፅ አጠቃቀም መማሪያ ቢፈልጉ ከዚህ የተሻለ ማግኘት ይከብዳቸዋል።

ይሁን እንጂ ትረካው በተወደደበት ልክ የታሪክን ቦታ ወስዷል። የልብ ወለዷ ማንኩሳ የስለት ልጅና የባላባት ሥርዐት ዓለም ናት፤ ከምሽጉና ከድምፅ ማጉያው ዘመን አስቀድሞ ያለች ናት። ተማሪው ይህችን ሲያውቅ የ1933 ዓ.ም. ማንኩሳ ጠፋችበት፤ ልብ ወለድ ያላገኘችው ደምበጫ ደግሞ ከነጭራሹ ቀረች። ጥፋቱ የደራሲውም የተራኪውም አይደለም። እንዲያውም ሐዲስ ራሳቸው የጎጃም ገዥ ከነበሩት ከራስ እምሩ ጋር በሽሬ ግንባር የዘመቱ፣ በኋላም ተማርከው በኢጣሊያ የታሰሩ አርበኛ ናቸው። በዚህ አጋጣሚ መምህራን ሊጠነቀቁበት የሚገባ አንድ ስሕተት አለ፤ የራስ እምሩ ጦር በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ተከዜን ተሻግሮ ጣሊያኖችን ድል ያደረገበት ደምበጓና በትግራይ ሽሬ የሚገኝ በር እንጂ የጎጃሙ ደምበጫ አይደለም። የተዋጊው ጦር የጎጃም መሆኑና የስሞቹ መመሳሰል ተማሪን በቀላሉ ያሳስታሉ።

የክልሉ ጋዜጣ «በኵር» ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ታትሟል፤ የክልሉ ራዲዮና ቴሌቪዥንም ተከትለውታል። ዜናን ከባሕር ዳር መስማት ከአዲስ አበባ ከመስማት ይቀርባል፤ ነገር ግን ለደምበጫ ልጅ ባሕር ዳርም ሩቅ ከተማ ናት። ከሁሉ የቀረበው ማሠራጫ በየትምህርት ቤቱ ያለው ሚኒ ሚዲያ ነው። በሰልፍና በዕረፍት ሰዓት ድምፅ ማጉያ ይከፈታል፤ የሚነበበው ግን ብዙውን ጊዜ ከሌላ ቦታ የተቀዳ የጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄና መልስ፣ የስፖርት ወሬና ምክር ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ክልሎች የመጀመሪያ ደረጃ መጻሕፍትን በራሳቸው እንዲያዘጋጁ መንገድ ከፍቷል፤ የአንድ ወረዳን ታሪክ እስከማስተማር መውረድ ግን ለመምህሩ በጎ ፈቃድ የተተወ ነው። ፕላን አውጪዎች የሚኒ ሚዲያን ወጪ በመሣሪያ ግዥ ብቻ ያስቡታል፤ ለድምፅ መቅረጫ፣ ለጉዞና ለመዝገብ የሚሆን ሂሳብ አይያዝለትም። በአንድ ወረዳ ሁለት ትምህርት ቤቶች ቢመረጡና ለአንድ ዓመት ቢሞከር የገንዘቡ መጠን የሚያስፈራ አይሆንም።

ጊዜው ግን ያስፈራል። በ1933 ዓ.ም. የዐሥር ዓመት እረኛ የነበረ ልጅ ዛሬ ዘጠና ዓመት አልፎታል። ስለዚህ የሚጠየቀው በአብዛኛው ከአባቱ የሰማ ልጅ ነው፤ መምህሩም «አየሁ» የተባለውንና «ሰማሁ» የተባለውን ለይቶ ማስመዝገብ ይኖርበታል። ጥያቄዎቹም ቀላል ቢሆኑ ይሻላል፦ ወንዙ ማን ይባላል? ሻለቃው የሰፈረው ከመሻገሪያው በላይ ነው በታች? የወደቁት የት ተቀበሩ? ማን ቀበራቸው? ከእነርሱ ስሙ የሚታወቅ አለ? ከአውሮፕላን የተበተነ ወረቀት ያስቀመጠ ቤተ ሰብ ይኖር ይሆን? የካቲት 27 ቀን ጠዋት በሰልፍ ሰዓት የሚኒ ሚዲያው ተረኛ ተማሪ ከእነዚህ መልሶች የተገኘውን፣ አንድ ገጽም ቢሆን፣ በድምፅ ማጉያው ቢያነብ፣ ደምበጫ ስለ ራስዋ በራስዋ ልጅ አንደበት ተናገረች ማለት ነው።