ጠቢብ እንዴት ጠይብ ሆነ?

“ጠይብ” የሚለው ስድብ ሥሩ ሲመረመር ስድብ አይደለም። ቃሉ የመጣው ከግእዙ “ጠቢብ” ነው፤ ጠቢብ ደግሞ ዐዋቂ፣ ብልህ፣ ንጉሥ ሰሎሞን የሚወደስበት ቅጽል ነው። ብረት በእሳት አለስልሶ ማረሻ የሚያወጣ ሰው በዚህ ስም መጠራቱ ተገቢ ነበር። በሸዋ ያው ባለሙያ “ባለጅ” ይባላል፤ ባለ እጅ ማለት ነው፤ በቃሉ ውስጥ አንዳች ነቀፋ የለበትም። ሸማኔው በነጠላው ጠርዝ ላይ የሚያወጣውን ጥለትም እስከ ዛሬ “ጥበብ” እንለዋለን። ጥበቡን ለብሰን በዓል እናከብራለን፤ የሠራውን ሰው ግን “ቁጢት በጣሽ” ስንል ኖረናል። ቋንቋው የባለሙያውን ክብር መዝግቦ ይዟል፤ ክብሩን የነጠቅነው እኛ ተናጋሪዎቹ ነን።

ስለ እጅ ሥራ መናቅ ሲነሣ አዘውትሮ የሚሰማው ማብራሪያ ስንፍና ነው፤ ወጣቱ ወንበር ይፈልጋል፣ ላብ ይጠላል ይባላል። ይህን ማብራሪያ አልቀበለውም። ከእርሻ የከበደ ሥራ በሀገራችን የለም። ገበሬው ከሰኔ እስከ መስከረም ጭቃ ውስጥ ነው፤ እጁ ከድንጋይ ይሻክራል፤ ሆኖም በሠፈሩ የተከበረ ሰው ነው፣ ይሸመግላል፣ ልጁን ለመዳር አይቸገርም። ላቡ አላስናቀውም። ከእሱ ያነሰ ድካም የሚደክመው፣ ጥላ ሥር ተቀምጦ የሚሠራው ሸማኔ ግን ተናቀ። ስለዚህ ሲናቅ የኖረው ድካሙ ወይም የእጁ መቆሸሽ ሊሆን አይችልም። የተናቀው ርስት የሌለው እጅ ነው።

ይህን ከአንድ ቀጥቃጭ ደጅ ሆኖ ማየት ይቻላል። ክረምቱ ሊገባ ሲል ገበሬው የደነዘ ማረሻውን ይዞ ይመጣል። ባለጁ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ አንድ ልጅ ከፍየል ቆዳ የተሰፋውን ወናፍ ተራ በተራ ይጫናል፤ ከሰሉ ይቀላል። ማረሻው ከእሳቱ ሲወጣ ባለጁ በጉጠት ይዞ መስፉ ላይ ያጋድመዋል። ቀለሙን አይቶ፣ ትንሽ ጠብቆ፣ ከዚያ ይመታል። ቶሎ ቢመታው ጫፉ ይጣመማል፤ ቢዘገይ ይሰነጠቃል። ይህን የሚነግረው መለኪያ የለም፤ ዐይኑ ነው። ማረሻው ብቻ አይደለም፤ ድግሩን ከሞፈሩ ጋር የሚያያይዘው ወገልም፣ ማጭዱም፣ መጥረቢያውም ከዚሁ እጅ ይወጣል። ያለ እሱ የዚያ መንደር ማሳ አይታረስም። ገበሬው ይህን ያውቃል፤ ዋጋውንም በእህል ይሰፍርለታል። ሲመሽ ግን ያ ባለሙያ ጅብ ሆኖ ይዞራል፣ ልጅ ይበላል፣ ቡዳ ነው ይባላል። ገበሬው አብሮት አይበላም፤ ልጁን አይሰጠውም። የሚያስፈልግህን ሰው፣ ያለ እሱ መኖር የማትችለውን ሰው፣ መፍራትና ማራቅ ከዚህ በላይ ምን መልክ ሊኖረው ይችላል?

የታሪክ ጸሐፊዎች የዚህን ሥር ከመሬት ጋር አያይዘው ፈልገውታል። በትውፊት እንደሚነገረው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አፄ ይስሐቅ ቤተ እስራኤሎችን ድል ከነሡ በኋላ ክርስትና የተነሣ ርስት ይያዝ፣ ያልተነሣ ርስት አይኑረው ብለው ዐወጁ። ጄምስ ኪሪን ስለ ቤተ እስራኤል በጻፈው ጥናት ያሳየው ይህንኑ ሂደት ነው፤ መሬት ያጣው ሕዝብ ወደ ብረት፣ ወደ ሸክላና ወደ ሽመና ዞረ። ሙያው የዘር አልነበረም፤ መተዳደሪያ ያጣ ሰው የያዘው ነገር ነበር። ጎንደር ላይ ነገሥታቱ ግንብ ሲያሠሩ እነዚሁ ሰዎች ግንበኛና አናጢ ሆነው ከቤተ መንግሥቱ ተጠጉ፤ መሬትና ማዕረግ ያገኙም ነበሩ። ዘመነ መሳፍንት መጥቶ ግንብ የሚያሠራ ሲጠፋ መሬቱም ማዕረጉም ተመልሶ ሄደ። ያው እጅ፣ ያው ሙያ፣ በአንድ ዘመን ተከበረ፣ በሌላው ተናቀ። ልዩነቱ ከእጁ ጋር መሬት መኖሩ ወይም አለመኖሩ ነበር።

ሃይማኖቱን ምክንያት የሚያደርጉም አሉ። ይህ ግን አይረጋም። ዮሴፍ አናጢ ነበር፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ ነው ወንጌል የሰበከው። በገዳሞቻችን መነኩሴው ከጸሎት ቀጥሎ የሚይዘው የእጅ ሥራ “ተግባረ እድ” ይባላል፤ ገዳሙ የቆመው በሁለቱ ነው። መንግሥት በ1934 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሙያ ትምህርት ቤት ሲከፍት ይህንኑ የገዳም ስም አወጣለት። ስሙ የተመረጠው በማስተዋል ይመስለኛል። ሆኖም ስም ማክበር ሰውን ማክበር አይሆንም። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት እንውሰድ። ከአንድ ወጥ ዐለት በመሮና በመጥረቢያ የተፈለፈሉ ናቸው። ትውፊቱ ቀን ሰዎች ሠሩ፣ ሌሊት መላእክት ሠሩ ይላል። የንጉሡን ስም እናውቃለን፤ የመላእክቱንም ድርሻ እንመሰክራለን። ቀን የሠሩት ሰዎች ስም ግን የለም። የትውፊቱን ቅድስና አልነካም፤ ግን ያን ሁሉ ዐለት የፈለፈለ እጅ የማን እንደነበር ሳንጠይቅ ይህን ያህል ዘመን መኖራችን ያሳዝነኛል።

ከነገሥታቱ ሁለቱ ነገሩን ለይተው አይተውታል። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ የሚስዮን ባለእጆችንና ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችን አሰባስበው መድፍ አሠሩ፤ ትልቁ ሴባስቶፖል በሰው ጉልበት እየተጎተተ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ። መንገዱ ሲጠረግ ንጉሡ ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ ያነሡ እንደነበር በጊዜው አብረዋቸው የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። አፄ ምኒልክ ደግሞ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሁሉ እንዲቀጣ ዐወጁ፤ ቅጣቱም የአንድ ዓመት እስራት ነበር። ሠራተኛውን የሰደበ ንጉሡን እንደ ሰደበ ይቆጠራል፤ በስድባችሁ ምክንያት ማረሻ የሚሠራ ሰው እንኳ ሊጠፋ ነው የሚል ስጋትም በአዋጁ ሰፍሯል።

ይህ አዋጅ ከመቶ ዓመት በላይ ሲወደስ ኖሯል፤ ውዳሴውም ይገባዋል። ነገር ግን በጥሞና ሲነበብ ወሰኑ ይታያል። የሚቀጣው አፍን ነው። ባለጁ ርስት እንዲያገኝ አላለም፤ ከሠፈሩ ሰው ጋር በአንድ ማዕድ እንዲቀመጥ፣ በአንድ መቃብር እንዲቀበር አላለም። ስድብ የንቀት ድምፁ እንጂ ንቀቱ ራሱ አይደለም። ድምፁን ብቻ ብናጠፋው ሥርዓቱ በዝምታ ይቀጥላል፤ የሆነውም ይኸው ነው።

የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ግን ሳያስበው አንድ ትልቅ ፈተና ሆነ። በደቡብ ኢትዮጵያ የተገለሉ ማኅበረሰቦችን ያጠኑት ዴና ፍሪማንና አሉላ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥራዝ ውስጥ ጉዳዩ በሰፊው ቀርቧል። ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች በየቦታው መሬት ደረሳቸው፤ ብዙዎቹም ሙያቸውን ትተው ወይም ደርበው አራሾች ሆኑ፤ በቀበሌ ስብሰባ ከሌላው እኩል ተቀመጡ። የጋብቻው አጥር ግን አልፈረሰም። ይህ ለክርክሬ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛ፣ ዕድሉ ሲገኝ ሰዎቹ የሸሹት ከሥራ ወደ ዕረፍት ሳይሆን ከአንዱ ከባድ የእጅ ሥራ ወደ ሌላው ነው፤ የሸሹት ስሙን ነበር። ሁለተኛ፣ መሬቱ የወሰደውን ክብር መሬት መመለሱ ብቻውን ሁሉን አልመለሰም፤ ለዘመናት የተኛበት ነገር ወደ ዘር ተለውጦ ነበርና።

ዛሬ በከተማ “ቡዳ” የሚለው ብዙም አይሰማም። ቦታውን የያዘው ሌላ መሰላል ነው፤ መሰላሉን ያቆመውም ትምህርት ቤት ነው። ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል የ10ኛ ክፍል ፈተና ውጤቱ የመጣለት ወደ መሰናዶ ገባ፤ ያልመጣለት ወደ ቴክኒክና ሙያ ተላከ። ሥርዓቱን ያወጡት ሰዎች ሙያን ለማስፋፋት አስበው እንደሆነ አልጠራጠርም። ለተማሪው የደረሰው መልእክት ግን አንድ ነበር፦ እጅ የወደቀ ሰው ድርሻ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ብየዳ ሊማር የሄደው ብየዳ ስለወደደ ሳይሆን ወድቀሃል ስለተባለ ከሆነ፣ ሲመረቅ ሙያውን ይወደዋል ብሎ መጠበቅ ግፍ ነው። በጀርመን ድጋፍ የኮብልስቶን ሥራ በየከተማው ሲስፋፋና ዲግሪ ያላቸው ወጣቶች ድንጋይ ጠርበው ሲያነጥፉ የተነሣውን ጭቅጭቅ እናስታውሰዋለን። አንዱ ወገን ሥራ አይናቅም አለ፤ ሌላው የትምህርቱ ውርደት ነው አለ። ጠራቢው በቀን ስንት እንደሚያገኝ፣ ፍንጣሪ ዐይኑን ቢመታው ማን እንደሚያሳክመው የጠየቀ ጥቂት ነበር። ለእኔ ዋናው ጥያቄ ይህ ነበር።

“ውጭ ሲሄዱ ምንም ይሠራሉ፣ እዚህ ሲሆን ይኮራሉ” የሚለው ወቀሳም መመርመር አለበት። እውነት ነው፤ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ መኪና ማቆሚያ የሚጠብቅ፣ ታክሲ የሚነዳ ዲግሪ ያለው ወገን ብዙ ነው። አንዱ ምክንያት ይሉኝታ ነው፤ እዚያ “የእገሌ ልጅ” ብሎ የሚያየው ዐይን የለም። ይህ ግን ግማሹ ነው። እዚያ የመኪና ጠባቂው ሰዓት በሕግ ዋጋ አለው፤ ከዚያ ሥራ ተነሥቶ ቤት የገዛ፣ ልጅ ያስተማረ ጎረቤት በዐይኑ ያያል። እጁ ርስት አገኘ ማለት ነው። በሊባኖስና በሌሎች የዓረብ ሀገሮች ያሉ የቤት ሠራተኛ እኅቶቻችን ደግሞ ተቃራኒውን ያሳዩናል። ከማንም ዘመድ ዐይን ርቀው ነው የሚሠሩት፤ ይሉኝታ የለባቸውም። መኖሪያ ፈቃዳቸውን ከአሠሪው ጋር የሚያስረው የከፋላ ሥርዓት ግን ክብራቸውን ይወስደዋል። እንግዲህ ዐይን መራቁ ብቻውን ክብር አይሆንም፤ የሚጠብቅ ሕግ ከሌለ እዚያም ቢሆን እጅ ባዶ ነው።

የራሳችንን ሕግ ስንመለከት የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛውን ደመወዝ ራሱ አይወስንም፤ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይደነግጋል። የቤት ሠራተኛዋን ጉዳይ ደግሞ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይተወዋል። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከመቶ ዓመት በፊት “መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር” በተባለው መጽሐፉ የሀገር ሀብት ምንጩ ሥራና ዕውቀት መሆኑን አስረድቶ ነበር። ሀብቱ ከሠራተኛው እጅ የሚወጣ ከሆነ፣ ያ እጅ ሲሰበር የሚተዳደርበት ነገር ሊኖረው ይገባል። “ሥራ ክቡር ነው” የሚለውን መፈክር ሬዲዮ ላይ በሰማሁ ቁጥር የምኒልክ አዋጅ ትዝ ይለኛል፤ አሁንም የምናስተካክለው አፍን ነው። ከቀን ሥራ የሚሸሽ ወጣት ማኅበረሰቡን በትክክል አንብቧል። ማን እንደሚዳርለት፣ ማን ቤት እንደሚያከራየው፣ ከፎቅ ቢወድቅ ማን እንደሚያነሣው ያውቃል።

በሠፈሬ አንድ ሕንፃ እየተሠራ ነው። አጥሩ ላይ በተሰቀለው ሰሌዳ የባለቤቱ፣ የአማካሪውና የሥራ ተቋራጩ ስም በትልቁ ተጽፏል። ከሰሌዳው ጀርባ ሁለት ልጆች አርማታ የሞላ ባሬላ ፊትና ኋላ ይዘው በእንጨት መወጣጫው ሲወጡ በየቀኑ አያለሁ፤ የፊተኛዋ ሻርፗን ከአፏ ላይ ታስራለች፣ ሲሚንቶው ጉሮሮዋን እንዳይዘው። ካቦው “ቶሎ በሉ!” ይላል፤ መልስ አይሰጡም፤ ትንፋሻቸውን ለደረጃው ይቆጥቡታል። አንድ ቀን ለምሳ ሲወርዱ ከፊተኛዋ ጋር ተነጋገርን። ከገጠር ከመጣች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ለእናቷ በየወሩ ብር ትልካለች። ምን ሥራ እንደያዘች እናቷ ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኋት። “ካፌ ነው የምሠራው ብያታለሁ” አለችኝ። ስትደውልላት የሚክሰሩ ድምፅ እንዳይሰማ ማታ፣ ሥራው እስኪቆም ትጠብቃለች።