አርቆ ማሰብ ለዓለም ጤና ምን ይጠቅማል? ስለ ሁለት የመጪ ዘመን ሥራዎች የቀረበ ሂስ

ከሞጆ ተነሥቶ ወደ ሐዋሳ የሚጓዝ ሰው ቆቃን ካለፈ በኋላ፣ መቂ ሳይደርስ፣ ዓለም ጤና የምትባል ከተማ ያገኛል። በምሥራቅ ሸዋ የቦራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ስሟ ምኞት ነው፤ ምኞቱም ከፍ ያለ ነው። ዳሩ ግን የስምጥ ሸለቆ ሕዝብ ከምድር የሚቀዳው ውሃና ከሐይቅ ዳር የሚነሣው ትንኝ ለዚህ ምኞት ብዙ ጊዜ አልተመቹም። ስለዚህ የመጪውን ዘመን አስቀድሞ ማሰብ ለጤናና ለኅብረተሰብ ይጠቅማል የሚለውን አሳብ በዚች ከተማ ሚዛን ላይ አስቀምጦ መመርመር ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

የሚመዘኑት ሥራዎች ሁለት ናቸው። ፊተኛው ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2015 ገደማ ያዘጋጀው፣ እስከ 2035 ድረስ አሻግሮ የሚመለከተው የርእይ ሰነድ ነው። ሁለተኛው «ዴስቲኒ ኢትዮጵያ» በሚል ስም የተሰበሰቡ 50 ኢትዮጵያውያን በ2019 መጨረሻ ለሕዝብ ያቀረቡት፣ እስከ 2040 የሚዘልቀው የአራት ታሪኮች ሥራ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ ቃሉን ማጥራት ያስፈልጋል። አርቆ ማሰብ ትንቢት አይደለም፤ ዕቅድም ብቻ አይደለም። ትንቢት ተናጋሪ «ይህ ይሆናል» ይላል። ዕቅድ አውጪ «ይህን አደርጋለሁ» ይላል። አርቆ አሳቢ ግን «እንዲህ ቢሆንስ? እንዲያስ ቢሆን?» እያለ ለእያንዳንዱ ስንቁን ያዘጋጃል። ሼል የተባለው የነዳጅ ኩባንያ ከ1973ቱ የዘይት ዋጋ ንረት በፊት ይህን ዘዴ ይለማመድ ስለነበረ፣ ያ ነገር በደረሰ ጊዜ እንደ ሌሎቹ ፈጽሞ አልደነገጠም። የእኛም ገበሬ ዝናቡ ቢዘገይ የሚዘራውን ፈጥኖ ደራሽ ዘር ለብቻው ሲያስቀምጥ የሚሠራው ይህንኑ ነው።

ወደ ሚኒስቴሩ ሰነድ እንመለስ። መመስገን የሚገባው ሥራ ነው። ከዕለት ጭንቀት ወጥቶ ሃያ ዓመት ወደ ፊት መመልከት በአገራችን መሥሪያ ቤቶች ዘንድ ብዙ የተለመደ አይደለም። መሠረቱንም በ2003 በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ላይ፣ ማለትም በመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ላይ አድርጓል። በአገሪቱ የጤና ሥርዓት መሠረት አንድ ጤና ኬላ ለ3,000 እስከ 5,000 ሕዝብ፣ አንድ ጤና ጣቢያ በገጠር ለ15,000 እስከ 25,000፣ በከተማ ለ40,000 ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቧል። እንዲህ ያለ ስሌት ቢያንስ ክርክሩን ከምኞት ወደ ቁጥር ያወርደዋል።

ጉድለቱ ግን መንገዱ አንድ መሆኑ ነው። ሰነዱ አገሪቱ በ2025 ወደ ዝቅተኛ መካከለኛ ገቢ፣ በ2035 ደግሞ ወደ መካከለኛው እርከን ትደርሳለች ከሚል መነሻ ይነሣል። ከዚያም በዚያ ገቢ ላይ የሚገኙ የተሻሉ አገሮች በጤና ምን እንዳገኙ አይቶ የእኛን ግብ ይለካል። መነሻው ቢናድስ? ብሎ መጠየቅ የሥራው ዋና ክፍል አልሆነም። ብዙም ሳይቆይ በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ገባ፤ በዚያው ዓመት በሰሜን ጦርነት ተነሥቶ እስከ 2022 ቆየ። ይህን አስቀድሞ ባለማወቁ ሰነዱን መውቀስ አይገባም። መወቀስ የሚገባው መንታ መንገድ ሲደርስ ወዴት እንደሚታጠፍ ባለማሰናዳቱ ነው።

ሁለተኛው ሥራ በዚህ ረገድ ይበልጣል። በፖለቲካ የማይስማሙ ሰዎች ባንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው አራት ሊሆኑ የሚችሉ ኢትዮጵያዎችን ሥለዋል፤ ስማቸውም «ሰባራ ወንበር»፣ «አፄ በጉልበቱ»፣ «የፉክክር ቤት» እና «ንጋት» ነው። ስያሜው ራሱ ጥበብ አለው። የፉክክር ቤት ሳይዘጋ ያድራል የሚለውን ተረት የሚያውቅ ሰው ሦስተኛው ታሪክ ወዴት እንደሚያመራ ሳያነበው ይገባዋል። በ2020 የሆነውም ማስጠንቀቂያው ባዶ እንዳልነበረ አሳይቷል።

ታዲያ ስለምን አልረዳም? ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው ለማለት አንደፍርም። ነገር ግን ከሥራው ባሕርይ የሚመነጭ አንድ ድካም ይታያል። ታሪኮቹ ስለ አገር ይናገራሉ እንጂ ስለ ጤና ጣቢያ መድኃኒት ክፍል፣ ስለ ውሃ ቧንቧ፣ ስለ ወረዳ በጀት አይናገሩም። «ሰባራ ወንበር» ከመጣ የዓለም ጤና ጤና ጣቢያ ኃላፊ ሰኞ ጠዋት ምን ይሥራ? መልስ የለም። እንግዲህ ፊተኛው ሥራ ቁጥር ይዞ መንታ መንገድ አጣ፤ ሁለተኛው መንታ መንገድ ይዞ ቁጥር አጣ።

ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል ስለ ውሃው እንናገር። በስምጥ ሸለቆ ውሃው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ መካከል ሲያልፍ ፍሎራይድ ይሸከማል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በሸለቆው ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ ያልፋሉ። ማፍላት አያጠፋውም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይጠናል። ከአዳማ አጠገብ ወንጂ የሆነው ትምህርት ሊሆነን ይገባል። የስኳር ፋብሪካው በ1954 ሥራ ጀመረ፤ ሠራተኛው ከጉድጓድ ጠጣ፤ በ1970ዎቹ ሐኪሞች በሠራተኞቹ ላይ የአጥንት በሽታ አገኙ። የሰዎቹ ወገብና አንገት የደረቀው ባንድ ቀን አልነበረም፤ ብዙ ዓመት ፈጅቷል። ጉድጓዱ ሲቆፈር የተጠየቀው «ውሃ ይወጣል ወይ?» የሚለው ብቻ ከሆነ፣ «ከሃያ ዓመት በኋላ ጠጪው ምን ይሆናል?» የሚለው ሳይጠየቅ ቀረ ማለት ነው።

የሕፃን ጥርስ ደግሞ መዝገብ ነው። ፍሎራይድ ጥርሱን የሚያበላሸው ገና በድድ ውስጥ ሲሠራ ነውና፣ በስምንትና በዘጠኝ ዓመቱ ቡናማ ጥርስ ያወጣ ልጅ በሕፃንነቱ የጠጣውን ውሃ ይመሰክራል። ያንኑ ውሃ መጠጣቱን ከቀጠለ አጥንቱ በአርባ ዓመቱ ሊደርስበት የሚችለውንም ያመለክታል። መጪው ዘመን በልጁ አፍ ውስጥ ተጽፎ ሳለ የምናነብበት ሰነድ የለንም።

የወባውም ነገር እንዲሁ ነው። በ1958 በደጋና በወይና ደጋ የተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህል እንደገደለ ተገምቷል። የቆቃ ግድብ በ1960 ሲጠናቀቅ መብራት ሰጠ፤ በሐይቁ ዳር ግን ወባ ከሩቁ መንደር ይልቅ እንደሚበዛ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። አገሪቱ ወባን በ2030 ለማጥፋት አቅዳ ሳለ፣ በ2024 እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። ከዚህም በላይ በ2016 በቀብሪ ደሃር የተገኘው አኖፌለስ ስቴፌንሲ የተባለ ትንኝ በረግረግ ብቻ ሳይሆን በከተማ በርሜልና በውሃ ማጠራቀሚያ ይራባል። በ2022 የድሬዳዋን ወረርሽኝ ያስነሣው እርሱ እንደሆነ ተረጋግጧል፤ በአዋሽ ሸለቆም በአዋሽ ሰባት ኪሎ ታይቷል። ውሃ በፈረቃ የሚደርሳት ከተማ ሕዝቧ ውሃ ያጠራቅማል፤ የተጠራቀመውም የትንኝ መራቢያ ይሆናል።

እንግዲህ ለዓለም ጤና ሦስት መጪ ዘመኖችን እንሣል። በመጀመሪያው ከተማዋ ከሩቅ ንጹሕ ውሃ ይመጣላታል። በሁለተኛው መንገዱና ገበያው ሕዝብ ሲያበዛባት ውሃው ወደ ኋላ ይቀራል፤ አዳዲስ ጥልቅ ጉድጓዶችም በችኮላ ይቆፈራሉ። በሦስተኛው ድርቅ ወይም የጸጥታ እጦት በጀቱንና መንገዱን ይዘጋል። ከሦስቱ የትኛው እንደሚመጣ ማንም አያውቅም። ሆኖም በሦስቱም የማያስቆጩ ሥራዎች አሉ። ጉድጓድ ሳይከፈት ፍሎራይዱን መለካት፣ ውጤቱንም በቦኖው ላይ ሁሉ በሚያነበው ቋንቋ መጻፍ፤ በየትምህርት ቤቱ የልጆችን ጥርስ በየዓመቱ መመዝገብ፤ በርሜልና ጋን መክደን፤ ለሦስተኛው ቀን ደግሞ የወባ መድኃኒት በጤና ኬላው አስቀድሞ ማከማቸት ነው። ማጣሪያ የሚተከል ከሆነ የአጥንት ከሰሉን ማን እንደሚለውጥና በምን ገንዘብ እንደሚለወጥ ከመትከሉ በፊት መወሰን አለበት።

ለማጠቃለል፣ ሁለቱም ሥራዎች ይነበቡ እንላለን፤ ሁለቱም ግን ገና ወደ ወረዳ አልወረዱም። አርቆ ማሰብ የአዲስ አበባ አዳራሽ ሥራ ሆኖ ከቀረ ጥቅሙ ለአዳራሹ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ መምህሩ፣ ውሃ በአህያ ጋሪ የሚያመላልሰው ልጅና የዕድር ዳኛው ተቀምጠው «እንዲህ ቢሆንስ?» ሲባባሉ ግን ለከተማዋ ይሆናል። የሚቀጥለው የጤና ርእይ ሲጻፍ ቢያንስ አንድ ምዕራፉ እንደዚህ ባለ ከተማ ቢጀመር፣ ዓለም ጤና ስሟን ለመምሰል አንድ እርምጃ ትቀርባለች።