ጠዋት ባዶ ሆና የምትገኝ ቅጂ

ዳታቤዝ ባክአፕ ለማድረግ ብዙ ጀማሪ የሚጽፋትን ባለ አንድ መስመር የዊንዶውስ ባች ስክሪፕት ሳታውቋት አትቀሩም። ማይኤስኪውኤል-ደምፕን ትጠራለች፣ የሚወጣውን በቀስት ምልክት (>) ወደ አንድ ፋይል ትልካለች፤ ታስክ ስኬጁለር በየሌሊቱ ያስነሳታል። አጭር ናት፣ ታምራለች። ግን አደገኛ ናት!

ለምን? ዊንዶውስ ቀስቷን ሲያይ ፕሮግራሙን ከማስነሳቱ በፊት ፋይሉን ባዶ ያደርገዋል። የይለፍ ቃሉ ተቀይሮ ደምፑ ቢከሽፍ፣ የትናንቱ ደህና ቅጂም አብሮ ሄደ ማለት ነው። ጠዋት ስታዩት ፋይሉ በቦታው አለ፣ ቀኑም የዛሬ ነው፤ መጠኑ ግን ዜሮ።

ማስተካከያው ከባድ አይደለም። መጀመሪያ በጊዜያዊ ስም ይጻፍ፤ «ኢረርሌቭል» ዜሮ ከሆነ ብቻ ቀን ያለው ስም ይሰጠው፤ ከዚያ ወደ ሌላ ዲስክ ይቀዳ። (ቀኑ ውስጥ «/» ካለ የፋይል ስም አይሆንም፣ እሱን አውጡት።)

ይህም ቢሆን ግማሽ ሥራ ነው። ጋይንት ውስጥ ያለችውን ቤተ ልሔምን አስቡ፤ የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ትውፊቱ እንደሚለው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግራኝ ጦርነት ብዙ መጻሕፍት ሲጠፉ ድጓ የተረፈው እዚያ ነው። ታዲያ እዚያ ተማሪው መጽሐፉን ስለያዘ ብቻ መምህር አይባልም፤ የኔታ ፊት አዚሞ፣ ታርሞ፣ አስመስክሮ ነው።

የእናንተስ ቅጂ መቼ አስመሰከረ? በወር አንዴ ባዶ ዳታቤዝ ላይ መልሳችሁ ጫኑትና ሰንጠረዦቹን ቁጠሩ።